ከሁለት ስፒከር መሐል የቆመው ሰው

የሳሎኔ ሁለት ስፒከሮች ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት የኖሩት ባለቤቴ በፈቀደችላቸው ቦታ ነበር። አንደኛው ቡፌው አናት ላይ ከብርጭቆዎቹ በላይ፣ ሌላኛው ደግሞ ከሶፋው ጀርባ መጋረጃ ተከናንቦ። በዚህ የቦታ ድልድል ላይ ተቃውሞ አሰምቼ አላውቅም። ድምፅ እስካወጡ ድረስ የትም ቢቀመጡ ምን ለውጥ ያመጣል ባይ ነበርኩ። የሕግ ትምህርት ስለ ወሰንና ስለ ይዞታ ብዙ አስተምሮኛል፤ ድምፅም ወሰንና ይዞታ እንዳለው ግን የነገረኝ አልነበረም።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን በኤሌክትሪክ ምህንድስና የተመረቀው የእህቴ ልጅ ሊጠይቀን መጣ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ቤቱን ሲቃኝ ቆየና ፈገግ እያለ ስፒከሮቹን አንድ በአንድ አወረዳቸው። በሁለት በርጩማዎች ላይ አስቀምጦ ከግድግዳው ራቅ አደረጋቸው። ከዚያ የእኔን ወንበር ጎትቶ ከሁለቱ እኩል ርቀት ላይ አኖረኝ። በወጣትነቴ የምወደውን አንድ ዘፈን ሲከፍትልኝ፣ ዘፋኙ ምንም ስፒከር በሌለበት ባዶ ቦታ፣ ከፊት ለፊቴ ቆሞ ዘፈነ። ሳክስፎኑ በአንድ በኩል፣ ጊታሩ በሌላ በኩል ቦታ ቦታቸውን ያዙ። አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ። ዘፋኙ ከመሐል ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ መሰለኝ። ስለዚህ ጉዳይ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

በሌለበት ቦታ ሰው የሚያቆም ይህ ጥበብ የማን ነው ብዬ ጠየቅኩት። ስሙን ነገረኝ። ለሕግ ሰው ስም ብቻ አይበቃምና ማስረጃ አለ ወይ አልኩት። አለ አለኝ፤ ቁጥር ያለው፣ ቀን ያለው፣ በመንግሥት መዝገብ የሰፈረ የፈጠራ መብት ሰነድ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አለን ዳወር ብሉምላይን ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት ላጫውታችሁ ነው። ካልገለጽኩ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሉምላይን ጁን 29 ቀን 1903 ለንደን ውስጥ ሃምፕስቴድ በተባለው ሰፈር ተወለደ። አባቱ ትውልዱ ከጀርመን ሆኖ የእንግሊዝ ዜግነት የወሰደ ሰው ነበር። እናቱ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ያገለገለ የስኮትላንድ ሚሲዮናዊ ልጅ ነበረች። ልጁ ገና በሰባት ዓመቱ የቤታቸውን የበር ደወል ጠግኖ ለአባቱ የሥራ ዋጋ መጠየቂያ ደረሰኝ እንደጻፈና ከስሙ ሥር ራሱን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ብሎ እንደሾመ ይነገራል። የሚገርመው በሌላ በኩል ደግሞ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ ድረስ አጥርቶ ማንበብ የማይችል ልጅ ነበር መባሉ ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ወደ ኋላ ቀረ ተብሎ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህችን ነገር ልብ በሏት። ፊደል ያስቸገረው ልጅ የሽቦውን ቋንቋ ቀድሞ አንብቦ ነበር።

በሃይጌት ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ አካል በሆነው ሲቲ ኤንድ ጊልድስ ኮሌጅ ገብቶ በ1923 በአንደኛ ደረጃ ማዕረግ ተመረቀ። በቀጣዩ ዓመት ኢንተርናሽናል ዌስተርን ኤሌክትሪክ በተባለ የስልክ ኩባንያ ተቀጠረ። የያኔው የረጅም ርቀት ስልክ አንድ ከባድ በሽታ ነበረበት። አንዱ ሲያወራ የሌላው ወሬ ከጎን እየሾለከ ይገባ ነበር። እኛም ቢሆን በዘመናችን በመስመር ስልክ ስናወራ የማናውቃቸውን ሰዎች የሠርግና የዕዳ ወሬ ሰምተን የምናውቅ ነን። የወጣቱ መሐንዲስ ሥራ ይህን የድምፅ መደባለቅ መቀነስ ነበር። ያኔ የተማረው ነገር አለ፤ ሁለት ድምፆች የት እንደሚገናኙና እንዴት እንደሚለያዩ። በኋላ የሠራው ሁሉ ከዚህ ትምህርት የወጣ ይመስለኛል።

በ1929 ኮሎምቢያ ግራፎፎን ወደተባለው የሸክላ ኩባንያ ተዛወረ። ለሕግ ሰው ጆሮ የሚጥመው የታሪኩ ክፍል ከዚህ ይጀምራል። የዘመኑ ሸክላ የሚቀረጸው በአሜሪካኖቹ በዌስተርን ኤሌክትሪክ መሣሪያ ነበር። መሣሪያው በፈጠራ መብት የታጠረ በመሆኑ ኮሎምቢያ በሚሸጠው ሸክላ ሁሉ ልክ ለባለመብቶቹ ገንዘብ ይከፍል ነበር። አዲሱ ቅጥር የታዘዘው አንድ ነገር ነው፤ ከአጥሩ ሳይገባ፣ ከሕጉም ሳይወጣ፣ ሌላ መንገድ እንዲያበጅ። ብሉምላይን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በፍጹም የተለየ ስልት የሚሠራ መቅረጫ ሠራ። አዲሱ መሣሪያ ከአሮጌው የተሻለ ሆኖ ተገኘና ክፍያው ቀረ። የሌላውን መብት አክብሮ የራስን መንገድ መቀየስ እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። አለቃው ከሩሲያ የመጣው አይዛክ ሾንበርግ ነበር። ሾንበርግ ሰው መምረጥ የሚያውቅ፣ የመረጠውንም ሰው ሥራውን እንዲሠራ የሚተው ዓይነት አለቃ ነበር። እንዲህ ያለ አለቃ ስንቶቻችን ገጥሞን ይሆን?

በ1931 ኮሎምቢያና ግራሞፎን ካምፓኒ ተዋህደው ኢኤምአይ የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። የምርምር ክፍሉም ከለንደን በስተምዕራብ ሄይስ በተባለ ቦታ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ብሉምላይን በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከዶሪን ሌን ጋር ሲኒማ ገባ ይባላል። ፊልም መናገር ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ተመልካቹ ሁሉ ሥዕል አፍ አውጥቶ ማውራቱ እየገረመው ሲቀመጥ፣ ብሉምላይንን ግን ሌላ ነገር አበሳጨው። ተዋናዩ የሚታየው በስክሪኑ አንድ ጫፍ ሆኖ ሳለ ድምፁ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ሰውየው ከግራ ወደ ቀኝ ሲራመድ ድምፁ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሲወጡ ድምፁ ተናጋሪውን እየተከተለ እንዲሄድ የሚያደርግበት መላ እንዳለው ለዶሪን ነገራት። ብዙ ወንዶች ከሲኒማ ሲወጡ ለወዳጆቻቸው የሚናገሩት ትልቅ ትልቅ ነገር በማግስቱ ይረሳል። ይህኛው ግን አልተረሳም።

ዲሴምበር 14 ቀን 1931 የፈጠራ መብት ማመልከቻው ገባ። በጁን 1933 ተቀባይነት አግኝቶ ቁጥር 394,325 የእንግሊዝ ፓተንት ሆነ። ሰባ የመብት ጥያቄዎች የተዘረዘሩበት ሰነድ ነው። የመብት ጥያቄ ማለት ለምናውቀው ሰዎች እንደ መሬት ወሰን ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ከዚህ እስከዚህ የእኔ ነው ይላል። አንድ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ሰባ ድንጋይ ሲተክል፣ ከድንጋዮቹ መካከል ዓለም ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ የደረሰበት መሬት ነበር።

የነገሩን ፍሬ በቀላሉ ላስረዳ ልሞክር። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከግራችን የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሯችን ጋ ለመድረስ ጭንቅላታችንን መዞር አለበትና ይዘገያል። መዘግየቱ ቢበዛ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። በተለይ ለቀጫጭኖቹ ድምፆች ጭንቅላታችን እንደ ግንብ ስለሚከልል በወዲያኛው ጆሮ ድምፁ ይዳከማል። አእምሯችን ከእነዚህ ሁለት ምስክሮች ቃል ተነስቶ ድምፁ ከየት እንደመጣ ይፈርዳል። የዛፍ ላይ ወፍ የምናገኘው፣ መንገድ ስናቋርጥ ከኋላ ከሚመጣ መኪና የምንሸሸው በዚህ ችሎት ነው።

ታዲያ በሁለት ስፒከር ይህን ችሎት እንዴት ማሳመን ይቻላል? ችግሩ ሁለቱም ስፒከሮች ለሁለቱም ጆሮዎች መሰማታቸው ነው። ግራው ስፒከር ለግራ ጆሮ ብቻ አይዘፍንም፤ ትንሽ ዘግይቶ ቀኙም ጋ ይደርሳል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ እንቅፋት ባየው ነበር። ብሉምላይን ግን የስልክ መስመር ሰው ነበርና የድምፆቹን መደባለቅ ራሱን መሣሪያ አደረገው። ሁለቱ ስፒከሮች አንድን ድምፅ በአንድ ጊዜ ነገር ግን በተለያየ ጉልበት ቢያሰሙ፣ ድምፆቹ በየጆሮው ሲደመሩ የጉልበቱ ልዩነት ወደ ጊዜ ልዩነት እንደሚለወጥ በሒሳብ አሳየ። ጉልበታቸው እኩል ሲሆን ዘፋኙ መሐል ይቆማል። የግራው ሲበረታ ወደ ግራ ይሄዳል። የመሐሉ ሰው በእንጨትና በወረቀት የተሠራ አይደለም፤ የተሠራው በሰሚው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ሰነዱ በዚህ አልቆመም። ድምፅ የሚቀበሉ ሁለት ማይክሮፎኖች በአንድ ቦታ ተጠጋግተው፣ ፊታቸውን ግን በዘጠና ዲግሪ አለያይተው እንዴት እንደሚቆሙ ገልጿል። ይህ አቀማመጥ ዛሬም በዓለም ስቱዲዮዎች በስሙ ይጠራል። አንዲት የሸክላ መስመር በሁለት ግድግዳዎቿ ሁለት የተለያዩ ድምፆችን ተሸክማ አንዲት መርፌ እንድታነባቸው የሚያደርገውንም ዘዴ አስፍሯል። ዛሬ ቤቱ ውስጥ የስቴሪዮ ሸክላ ያለው ሰው ሁሉ የዚህን ሐሳብ ውጤት ይዟል።

ፍትሐዊ ለመሆን ስለ ሌሎቹም መናገር አለብኝ። ክሌማን አዴር የተባለ ፈረንሳዊ በ1881 የፓሪስ ኦፔራን በሁለት የስልክ ማዳመጫዎች፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ጆሮ፣ ለኤግዚቢሽን ጎብኚዎች አሰምቷል። በአሜሪካ ደግሞ የቤል ላብራቶሪ ሰዎች በ1932 የስቶኮቭስኪን ኦርኬስትራ በሁለት መስመር ቀርጸዋል። በ1933ም ከፊላደልፊያ ዋሽንግተን ድረስ በሦስት መስመር ኮንሰርት አስተላልፈዋል። ስለዚህ ሐሳቡ በዚያ ዘመን አየር ላይ ነበር። የብሉምላይን ድርሻ ከማይክሮፎኑ እስከ ሸክላው፣ ከሸክላው እስከ ስፒከሩ፣ ከስፒከሩ እስከ ሰሚው ጆሮ ያለውን መንገድ በአንድ ሰነድ አሟልቶ ማስቀመጡ ነው።

ወረቀት ብቻም አልቀረም። በዲሴምበር 1933 ሄይስ ውስጥ ባልደረቦቹ አዳራሽ ውስጥ እየተራመዱ ሲያወሩ ቀረጻቸው። በጃንዋሪ 1934 ደግሞ አቤይ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ ሰር ቶማስ ቢቻም የለንደን ፊልሃርሞኒክን እየመራ የሞዛርትን የጁፒተር ሲምፎኒ ሲያለማምድ በአዲሱ ዘዴ ተቀረጸ። በ1935 ፊልም አንስቶ በሄይስ ጣቢያ የሚያልፉ ባቡሮችን ድምፅ ከሥዕሉ ጋር አብሮ እንዲሄድ አደረገ። የሲኒማ ቤቱ ቃል ተፈጸመ ማለት ነው። እነዚህ ቅጂዎች ዛሬም አሉ። ሳዳምጣቸው ሆዴን ባር ባር ያለኝ የሲምፎኒው ግርማ አልነበረም። ከዘጠና ዓመት በፊት ክፍል ውስጥ ይንጎራደዱ የነበሩ ሰዎች ዛሬም ከግራዬ ወደ ቀኜ መራመዳቸው ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው በመሥሪያ ቤት ላገለገለ ሁሉ እንግዳ አይደለም። ሥራው መደርደሪያ ላይ ወጣ። ዓለም በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች፤ የሸክላ ገበያ ወድቋል። ሁለት ስፒከርና ሁለት ማጉያ የሚገዛ ሰው ከየት ይመጣል ተባለ። ኩባንያው ደግሞ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥን አዞረ። ብሉምላይን አላኮረፈም። በሾንበርግ መሪነት የ405 መስመር የቴሌቪዥን ሥርዓት ከሠሩት ዋነኞቹ አንዱ ሆነ። ቢቢሲ ኖቬምበር 2 ቀን 1936 ከአሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭት ሲጀምር ይህ ሥርዓት ከቤርድ ሥርዓት ጋር በየተራ እየተሞከረ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የእነ ብሉምላይን ተመረጠ። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1985 ድረስ ሠርቷል። በሕይወቱ በድምሩ 128 ፓተንቶች ስሙን ይዘዋል። በ1933 ዶሪንን አግብቶ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዷል። አውሮፕላን ማብረር ይወድ ነበር፤ ባቡርም እንዲሁ።

ጦርነቱ መጣ። ኢኤምአይ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ለጦር ሥራ ዋለ። ብሉምላይንም ወደ ራዳር ምርምር ገባ። የተሰማራበት ኤች2ኤስ የተባለ መሣሪያ አውሮፕላን በጨለማና በደመና ውስጥ ሆኖ ከሥሩ ያለውን መሬት እንዲያይ የሚያስችል ነበር። ጁን 7 ቀን 1942፣ ዕለቱ እሑድ ነው፣ መሣሪያውን የጫነ ሃሊፋክስ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከዴፎርድ አየር ማረፊያ ተነሳ። በበረራው ላይ በስተቀኝ ያለው የውጪው ሞተር በእሳት ተያያዘ። አውሮፕላኑ ሄርፎርድሻየር ውስጥ ዌልሽ ቢክኖር በተባለች መንደር አቅራቢያ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 11 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ብሉምላይን ገና 38 ዓመቱ ነበር። ሴሲል ብራውንና ፍራንክ ብላይዘን የተባሉት የኢኤምአይ ባልደረቦቹም አብረውት አለቁ። በኋላ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ዓለም ያወቀው በርናርድ ሎቬል በዚያ በረራ ላይ ስላልነበረ ተረፈ። ከፍርስራሹ መሐል ምስጢራዊውን የራዳር ዕቃ የመሰብሰብ ዕጣም ለእሱ ደረሰ።

ምርመራ ተካሄደ። የደረሰበት ድምዳሜ ለሕግ ሰው እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ሞተሩ ሲፈተሽ አንድ ብሎን በሚገባ ሳይጠብቅ ቀርቷል። ብሎኗ ላላች፣ ቫልቩ ተሰበረ፣ ነዳጁ ተቀጣጠለ። በሕግ ትምህርት ቤት ቸልተኝነትን ስንማር መምህራኖቻችን ከትንሽ ስህተት ትልቅ ጉዳት ሊከተል እንደሚችል ይነግሩን ነበር። ስንፈተን መልሱን ጽፈን እንወጣለን። ግን የብሎን ግማሽ ዙር ከ11 ነፍስና ገና ካልተሠራ የሠላሳ ዓመት ሥራ ጋር ሲመዘን ምን እንደሚመስል አላየንም ነበር። ያን ብሎን የነካውን ሰው ልከስሰው አልፈልግም። በጦርነት መካከል፣ ምናልባት እንቅልፍ ባጣ ዓይን የሠራ ሰው ነው። እኔም በሙያዬ ያላጠበቅኳቸው ብሎኖች አሉ። ልዩነቱ የእኔዎቹ ገና እሳት አለማስነሳታቸው ብቻ ይሆናል።

ሪፖርቱ ለተወሰኑ ባለሥልጣናት ብቻ ተሰጠ። ለሕዝብ አልተገለጸም። የብሉምላይን ሞትም ጠላት እንዳይሰማ በምስጢር ተያዘ። እንደሱ ላለ ሰው በጋዜጣ ሊወጣ የሚገባው የሕይወት ታሪክ በጊዜው አልወጣም። ምስጢሩ በጦርነቱ ጊዜ ምክንያት ነበረው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ምስጢር አንድ ጠባይ አለው። ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ቶሎ አይፈታም። ጦርነቱ ቆመ፣ ሰላም ሆነ፣ የሰውየው ስም ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ከሙያ ባልደረቦቹ ክበብ ብዙም ሳይወጣ ቆየ። ሙሉ የሕይወት ታሪኩን የያዙ መጻሕፍት የታተሙት ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ሌላም የሚከብደኝ ነገር አለ። የሞተበት መሣሪያ ከጃንዋሪ 1943 ጀምሮ በሃምቡርግ ላይ ሥራ ጀመረ። ከዚሁ መሣሪያ የተወለደ ራዳር በባሕር ላይ የጀርመንን ሰርጓጅ መርከቦች ለማደን ረድቷል። በከተሞች ላይ ደግሞ ለቦምብ መንገድ ጠቁሟል። በዚያው ዓመት በበጋው ሃምቡርግ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። ድምፅ ሰውየውን እንዲከተል የፈለገው መሐንዲስ፣ መጨረሻው ቦምብ ዒላማውን እንዲከተል መሥራት ሆነ። ናዚን መዋጋት ተገቢ ነበር። ተገቢ ጦርነትም ቢሆን ግን የአንድን ሰው ተሰጥኦ ከሰው ሳሎን አንስቶ የት እንደሚያደርሰው ማሰብ ግድ ይላል።

ወደ ሰነዱ ልመለስ። በዘመኑ የእንግሊዝ ፓተንት መደበኛ ዕድሜ 16 ዓመት ነበር። አሜሪካኖቹ በ1957 በአንዲት መስመር ሁለት ድምፅ የሚይዘውን ሸክላ አዲስ ነገር አድርገው ሲያቀርቡ፣ ሐሳቡ ከ26 ዓመት በፊት በእንግሊዝ መዝገብ ሰፍሮ ተገኘ። በ1958 የስቴሪዮ ሸክላ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ የብሉምላይን ፓተንት ዘመኑ አልፎበታል። ፈጣሪው ከሞተ 16 ዓመቱ ነው። መብቱ የተሰጠው ገበያው ሳይኖር ሆነ፤ ገበያው ሲመጣ መብቱ አልነበረም። በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፓተንት 15 ዓመት ሰጥቶ፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ አምስት ዓመት እንዲጨመር ደንግጓል። የሕግ አውጪው ሐሳብ ይገባኛል። መደርደሪያ ላይ ያለ ፈጠራ ለማንም አይጠቅምም። የብሉምላይን ታሪክ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሳብኛል። ፈጠራውን መደርደሪያ ላይ የሰቀለው አሠሪው ሆኖ ሳለ የሚያልቀው የማን ዕድሜ ነው?

ዘግይቶም ቢሆን ዕዳው በጥቂቱ ተከፍሏል። በ1977 ለንደን ኢሊንግ ውስጥ ይኖርበት በነበረው ቤት ግድግዳ ላይ መታሰቢያ ተለጠፈ። በ2015 የዓለም የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር በአቤይ ሮድ ስቱዲዮ የመታሰቢያ ሰሌዳ አኖረለት። በ2017 ደግሞ የግራሚ የቴክኒክ ሽልማት ተሰጠው። ከሞተ 75 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሳሎኔ። የእህቴ ልጅ በዚያ ቀን ያደረገው ነገር በሙሉ የብሉምላይንን ሒሳብ ማክበር ነበር። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ እኔ ያለው ርቀት እኩል መሆን አለበት፤ ባለ ሦስት እኩል ጎን ማለት ነው። ትንንሽ ስፒከሮች ከሆኑ አንድ ሜትር ወይም ትንሽ ፈቀቅ ያለ ርቀት ይበቃል። ሲጠጉን ከስፒከሩ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ከግድግዳና ከጣሪያ ተንጸባርቆ ከሚመጣው በጣም ይበረታል። ስለዚህ የምንሰማው ክፍላችንን ሳይሆን ሙዚቃውን ይሆናል። ርቀቱን በዓይን መገመት አይገባም። ድምፅ በአንድ ሺኛ ሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ወደ አንደኛው ስፒከር አንድ ክንድ የማትሞላ ርቀት ብንጠጋ የቅርቡ ድምፅ ይቀድምና መሐል የቆመው ዘፋኝ ወደዚያው ይሸሻል። አንድ ክር በቂ ነው፤ በአንደኛው በኩል ለክቶ በሌላኛው መድገም።

ቀጫጭን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ በጆሯችን ከፍታ ልክ ትሁን። ስፒከሮቹ ፊታቸውን ወደ እኛ ትንሽ ያዙሩ። ጥግ ላይ የተወተፈ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ያለ ልክ ያጎላዋል። ከኋላው ካለው ግድግዳ 85 ሳንቲሜትር ያህል የራቀ ደግሞ 100 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ሊያሳጣ ይችላል፤ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ ተገልብጦ ይደርስና ከመጀመሪያው ጋር ይጣፋል። ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ ከጠረጴዛው ገጽ የሚነጥረው ድምፅ ቀጥታውን ያበላሻልና ከፍ ማድረግ ወይም ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ማስጠጋት ይረዳል። ለዚህ ሁሉ ሳንቲም አይወጣም። የሚያስፈልገው ክር፣ ሁለት በርጩማና የባለቤት ፈቃድ ነው። ሦስተኛውን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ያዘነበለው ዘፋኝስ? ጥፋተኛው የቀኙ ስፒከር ነው ብዬ ነበር፤ ያረጀ ነው፣ ይቀየር አልኩ። ልጁ ሳይከራከረኝ የሁለቱን ሽቦ አቀያየረ። ሳክስፎኑና ጊታሩ ቦታ ተለዋወጡ፤ ዘፋኙ ግን ያው ወደ ግራ ነው። ስፒከሮቹን ራሳቸውን አቀያየረ። ያው ወደ ግራ። በመጨረሻ ጀርባዬን ለስፒከሮቹ ሰጥቼ እንድቀመጥ አደረገኝ። ዘፋኙ ከኋላዬ ሆኖ አሁንም ወደ ግራዬ አዘነበለ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ስፒከሮቹ ነጻ ወጡ። ልጁ ዓይኔን ሳያይ ሐኪም ቤት ብሄድ ጥሩ እንደሆነ ብቻ ነገረኝ።

ሄድኩ። የቀኝ ጆሮዬ የመስማት አቅም ቀንሷል። ዓመታት የፈጀ፣ በዝግታ የመጣ ነገር ነው ተባልኩ። ነገሩ ጨርሶ ዱብ ዕዳ አልሆነብኝም። በስብሰባ ላይ ከሰዎች በስተቀኝ ለመቀመጥ ለምን እንደምሽቀዳደም፣ በቀኜ በኩል የተናገረ ሰው ሲኖር ለምን ያልገባኝን ነገር በጭንቅላቴ እንደማጸድቅ የማውቀው እኔ ነኝ። ልጆቼ ሲያወሩኝ ድምፃቸውን ዋጡ እያልኩ ስቆጣ ኖሬአለሁ። በማንም ላይ የማልቀበለውን ፍርድ፣ ማስረጃ ሳልመረምር፣ በእነሱ ላይ ሰጥቼ ነበር ማለት ነው። በፋሲካ ማግስት ሁለቱንም ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

አሁን በማጉያው ላይ ያለችውን ባላንስ የምትባል ቁልፍ ጥቂት ወደ ቀኝ አዙሬ አዳምጣለሁ። ዘፋኙ ወደ መሐል ይመጣል፤ ፍጹም መሐል ባይሆንም ይመጣል። ማታ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ከሁለቱ በርጩማዎች ፊት እቀመጣለሁ። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ሰው እንዲቆምልኝ ያደረገው ሰው፣ ስሙ በሸክላው ልባስ ላይ አልተጻፈም፣ በስፒከሩም ጀርባ የለም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። እናንተም ዛሬ ማታ ስፒከሮቻችሁን ከቡፌው አውርዱና ክር ለኩ። መሐል ላይ ሰው ከቆመ ብሉምላይንን አስታውሱት። ካዘነበለ ደግሞ ስፒከሩን ከመወንጀላችሁ በፊት ወንበራችሁን አዙሩ።

ቸር እንሰንብት።